የትኛው ዘጠኝ ሰዓት

ሐምሌ 28፣ ሐሙስ
ዛሬም ዝናብ። መብራት ሲመለስ ከአ.አ. ቶሮንቶ ስንት እንደሆነ ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ከ11 ሺህ ኪ.ሜ. በላይ። ድረ ገጹ አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል በረራ ይላል፤ የባለቤቴ የአስካለ ቲኬት አሥራ ስድስት። በጋዜጣ ዘመኔ ሁለቱን ሳላስታርቅ አላወጣም ነበር። ቲኬት ሻጩ ጋ ደወልኩ። ድረ ገጹ ርቀቱን ለፍጥነት አካፍሎ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። አሥራ ስድስቱን ያዝኩ።
የወለደች ልጃችንን ልታርስ ነው የምትሄደው። ቪዛ ያገኘችው እሷ ብቻ ናት።

ሐምሌ 30፣ ቅዳሜ
ማስታወሻዬ፣ ነገ ፍልሰታ ይገባል። በረራው ጾሙ ውስጥ መሆኑ እስከ ዛሬ አልታየኝም።
አስካለ ስኳር አለባት፤ መርፌ ትወጋለች። በጾም ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። አምና በዚሁ ጾም፣ እዚሁ አማን ከተማ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ወደቀች። ስኳሯ ወርዶ። በጣቴ ማር ከንፈሯ ውስጥ ቀባሁ፤ ነቃች። ሰማይ ላይ ማን ይቀባላታል?

ነሐሴ 2፣ ሰኞ
አሰላሁት። ሐሙስ ሌሊት በአምስት ትነሳለች። አርብ፣ በእኛ ዘጠኝ ሲሆን ታርፋለች። እዚያ ግን ገና የጠዋቱ ሁለት ነው።
የትኛውን ዘጠኝ ልትይዥ ነው አልኳት። የደረስኩበትን አገር፣ አለች። እንግዲህ ሌላ ሰባት ሰዓት።
የንስሐ አባታችንን ጠራሁ። መንገደኛም በሽተኛም ነሽ፣ ጾሙ ላንቺ አይደለም አሏት። እሺ አባ አለች። አምናም እሺ ብላ ነበር።
ሻንጣዋን እየዘጋች ሳቀች። «አንተ ሰውዬ፣ ምድር ላይ የጾምኩትን ሰማይ ላይ፣ እግዜር ደጃፍ ደርሼ ልግደፈው?»

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ
አማን መናኸሪያ፣ ንጋት። ወንድሟ እስከ አ.አ. አብሯት ይሄዳል። አውቶቡሱ ሳይነሳ በመስኮቱ ነገርኳት፦ አንቺ ብዪ፣ ያንቺን እኔ ልጹም። ጾም ከተውኩ ስንት ዘመኔ፤ ታውቃለች።
ጎንበስ ብላ ጠየቀችኝ። «በየትኛው ዘጠኝ?»
ባንቺው።
«ካታለልከኝ እኔም አልበላም።»
አውቶቡሱ የጅማን መንገድ ያዘ። እሺ ማለቷ ይሁን አይሁን አልገባኝም።

ነሐሴ 5፣ ሐሙስ ማታ
ከአውሮፕላን ማረፊያው ደወለች። ልትገባ ነው። በልተሻል ስላት መስመሩ ተቋረጠ።

ነሐሴ 6፣ አርብ፣ ከቀኑ 8 ሰ.
ስልኬ ላይ አውሮፕላኑ ትንሽ ምልክት ሆኖ ይሄዳል። የት እንደደረሰ ያሳያል። ውስጡ ማን እንደወደቀ አያሳይም።

9፡10
«አርፏል» ይላል። ስልክ የለም።

10፡30
የልጄም ስልክ አይነሳም። የፓስፖርት ሰልፉ ረዝሞ ይሆናል። ይሆናል የምትለዋን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ጽሑፍ ስሰርዝ ኖሬያለሁ።
ጎረቤቴ በሶ ይዛ መጣች። ዘጠኝ አልፏል እኮ ጋሼ፣ አለች። ያለፈው የእኛው ነው አልኳት። እያየችኝ አስቀምጣው ወጣች።

12 ሰ.
አሁንም ስልክ የለም። እዚያ ገና ረፋድ ነው። ራሴን ያዞረኛል፤ እሷን እንዲህ ያደርጋት ይሆን? ቃሌን ብጠብቅ እሷም ትበላለች ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማስረጃ የለኝም። ሌላ የማደርገውም የለም።
በሶውን ከደንኩት። የእሷ ዘጠኝ ቢደርስም፣ ድምፅዋን ሳልሰማ አልከፍተውም።