ያልተቀበረው እትብት

ልጄ ውዴ፣

የደብራችን ታቦት ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን። ሰቆጣ ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፤ ጥቁሯ ፍየልም መንታ ወልዳለች።

ከደረጃ ወድቀሽ ስለተጎዳው ጉልበትሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ ባነበውም ግራ ገባኝ። የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንት ከተጎዳ መልሶ አይበቅልም እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ። አሁን ባለሽበት ባሕር ማዶ ሐኪሞቹ ከአንድ ሕፃን እትብት ደም የወሰዱትን ሴል አራብተው ጉልበትሽ ውስጥ ሊያኖሩት ነው። ለአባትሽ ባነብለት፣ «ጉልበቷ የማንን አገር ሊናፍቅ ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እትብቱ ከወሊድ በኋላ የሚጣል ስለሆነ ሕፃኑ አይጎዳም ብለሽኛል። እኛ እትብት አንጥልም። ያንቺን ከጓሮው ወይራ ሥር የቀበርነው ወደ ቤትሽ እንዲመልስሽ ነው። ያልተቀበረ እትብት ግን ሰውን ወዴት ይመልሳል? ቄስ ሙሉሰውን ብጠይቃቸው፣ «መምህርት፣ ይህንስ እኔም አልተማርኩት፤ ብቻ ልጅቷ ትራመድ» አሉኝ።

ፈቃዴን ጠይቀሻል። ዕድሜሽን በምርኩዝ ከምትገፊ ፈቅጃለሁ፤ ታከሚ።

የሐኪሞቹን እጅ ይባርክልሽ፣ ቆመሽ ለመሄድ ያብቃሽ። አደራ፣ የሕፃኑን ስም ጠይቂልኝ። አንነግርም ካሉሽ እኔው ስም አወጣለትና ካንቺ ቀጥዬ በጸሎት አነሳዋለሁ። ስትድኚ ሁለታችሁም ወደ ቤት ኑ።

እናትሽ ምህረት