አባዬ አንደኛ የወጣበት ቀን

ጋምቤላ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለበሪሁን፣ ዋርሶ

እንደምን ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን በየምሽቱ በዓይኔ አያለሁ። ትላንትም ዘንዶ ገድለህ ስትፎክር ነበር። እሰይ የኔ ጀግና! እዚህ ዝናቡ ገብቷል፣ ባሮም ሞልቷል፣ ሙቀቱ ግን ወይ ፍንክች። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ሊና የምትባል የጤና ጣቢያ ባልደረባዬ ናት፤ ለሥልጠና ወደዚያው ትመጣለች። ስልክ እያለ ወረቀት ለምን አስፈለገ ትል ይሆናል። ስልክ ብደውል "እሙዬ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ" ብለህ ትዘጋዋለህ። ሞኝና ወረቀት ደግሞ የያዘውን አይለቅም። ቁጭ ብለህ አንብበው።

አባዬ ያንን ጨዋታ ለምን እንደጀመረ ታስታውሳለህ? ዕድሜውን ሙሉ ፑኝዶና እዚህ ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ በስተርጅናው በኢንተርኔት ጭራቅ ማባረር አምሮት አይደለም። አንተ ነህ "ስልክ አይመቸኝም፣ ልታገኘኝ ከፈለግህ ጨዋታው ውስጥ ና" ያልከው። መጣልህ። ነጭ ካባ የለበሰ ፈዋሽ ሆነ፤ ስሙንም "መምህር" አለው። አንተና ጓደኞችህ ትዋጋላችሁ፣ እሱ ከኋላ እየተከተለ ቁስላችሁን ያድናል። እንዴት ደስ ይለው እንደነበር! "ዛሬ በሪሁንን ከሞት አተረፍኩት" እያለ እራት ላይ ያወራልኝ ነበር።

ከዚያ ደም ግፊቱ ተነሳና ቀኝ እጁን ያዘው። ነግሬህ ነበር፤ "አይ፣ ይሻለዋል" አልከኝ። በግራ እጁ ቁልፍ እየፈለገ ሲጫወት ይዘገያል። አንድ ምሽት በሱ መዘግየት ተሸነፋችሁና ጓደኞችህ ፊት ምን ብለህ እንደጻፍክለት አልረሳውም፤ አጠገቡ ነበርኩ። "አባዬ፣ አስጨረስከን እኮ! ካልቻልክ ለምን ትገባለህ?" መነጽሩን አውልቆ ጠረገና "ልክ ነው፣ ዘገየሁ" አለኝ። እኔ ነኝ የተናደድኩት፤ እሱ አልተናደደም።

በኋላ ራርተህ አድኦን ሠርተህ ላክህለት። ጨዋታው ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነው ብለህ አስረዳኸን። አንተን በራሱ ይከተላል፣ ስትቆስል በራሱ ያክምሃል፣ ባከመህ ቁጥር "አይዞህ ልጄ" ብሎ ይጽፍልሃል። አባዬ ከፍቶ መቀመጥ ብቻ ነው። "እጄን አሳረፈልኝ" ብሎ መረቀህ። ከዚያ ወዲህ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንተን ሲያይ ያመሽ ነበር።

በሪሁን፣ አባዬ ጥር 17 ቀን ሞቷል።

አዎ፣ ጥር። ከሥራ ስመለስ ወንበሩ ላይ አገኘሁት፤ ኮምፒውተሩ እየሠራ ነበር። ጮህኩ። ጎረቤታችን አቶ ኦቹዶ ሮጠው መጡና አንስተው አልጋው ላይ አስተኙት። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ እኛ ኦርቶዶክስ፤ ግን ቀብሩ ላይ ሣጥኑን ከፊት የተሸከሙት እሳቸው ናቸው፣ በልጅ ቦታ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ስሰማ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ከቀብር ተመልሰን ሰው ድንኳን ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ነጠላ ልቀይር ወደ ውስጥ ገባሁ። ለካ ኮምፒውተሩን ማንም አላጠፋውም። መምህር ነጭ ካባውን ለብሶ ከኋላህ ኩስ ኩስ ይላል። የጻፍክለትን አነበብኩት። "አባዬ፣ ዛሬ አንደኛ ነህ! ከፈዋሾቹ ሁሉ አንደኛ! ጓደኞቼ ማነው ይሄ ሰውዬ አሉኝ። አሁን ገና ተጫዋች ሆንክ!"

አየህ፣ ከሞተ በኋላ ነው የጎበዘልህ።

አቶ ኦቹዶ አትንገሪው አሉኝ። "ልጁ ፈተና ላይ ነው። ብቻውን ሆኖ መርዶ አይሰማም። ይጨርስ፤ ከዚያ እዚያ አገር ያለ ሰው እንፈልጋለን፣ በጠዋት ሄዶ ያረዳዋል" አሉ። እሺ አልኩ። መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ከሥራ ስመለስ ኮምፒውተሩን መክፈት ብቻ ነበር። ፈተናህን አለፍክ። አቶ ኦቹዶ "ተረዳ ወይ?" ሲሉኝ "እኔ ራሴ እነግረዋለሁ" አልኳቸው። አልነገርኩህም። መቼ እንደምትነቃ ልይ አልኩ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ "አባዬ፣ እጅህን እንዴት አደረገህ?" ብትለው ኖሮ፣ እመቤቴን፣ በዚያው ሰዓት ደውዬ አብሬህ አለቅስ ነበር። አርባው ወጣ፤ አልጠየቅህም። ፋሲካ ደረሰ። "እንኳን አደረሰህ" አልከው፤ ወዲያው ቆስለህ ነበርና "አይዞህ ልጄ" አለህ። እንኳን አብሮ አደረሰን የማይል አባት! አንተ ግን ደስ ብሎህ ወደ ጦርነትህ ሄድክ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እንዲህ ብለህ ጻፍክ፤ "አባዬ፣ ዘንድሮም አልመጣም። ለነገሩ በየቀኑ እንገናኝ የለ?" የሱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ያን ጊዜ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አላጣሁትም። ስትወድቅ የሚይዝህ ሰው አጠገብህ መኖር ነበረበት። እኔን ማን ያዘኝ?

ታዲያ ለምን አላጠፋሽውም ትለኝ ይሆናል። እንዲያውም መብራት ሲሄድ እንዳይቋረጥ ብዬ ባትሪ ገዝቼለታለሁ። ላንተው ብዬ ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ! አንዳንድ ቀን አንተ ስትቀር ከፍቼው አጠገቡ እቀመጣለሁ። ዝም ብሎ ይቆማል። እኔም በቁልፎቹ እየለቀምኩ "አባዬ" ብዬ ጽፌለታለሁ። ለኔ አንድም ቀን አይዞሽ ብሎኝ አያውቅም።

ስትሠራው፣ የሚያቆመው አንተ "በቃ" ብለህ ስትጽፍለት ብቻ እንደሆነ ነግረኸን ነበር። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ግባ፤ ከፍቼ እጠብቅሃለሁ። እንደ ልማዱ ቆሞ ታገኘዋለህ። የኔን ድርሻ ጥር ላይ አፈር አልብሻለሁ። ያንተን አንተ ቅበረው።

ለአባዬ ነፍስ ይማር። ላንተ ደግሞ ሰው ሁሉ እግዜር ያጽናህ ይልሃል፤ እኔ ግን ገና ነኝ።

እህትህ እሙዬ