ፈረቃ ነው

ሰኞ

መብራት አሁንም የለም። ከምሳ በፊት ሄደ፣ ይኸው ሊመሽ ነው። ከተማችን ጎረቤላ ውስጥ ማንም ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ «ፈረቃ ነው።» እኔም እንደዚያው አልኩና የጫጩት መፈልፈያ ማሽኑን በር ዘግቼ ቁጭ አልኩ። እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው። ያለፈው ዙር ተበላሽቷል። ይሄኛውም ካልሆነ ማሽኑ ይሸጣል፤ ከባሌ ከአያሌው ጋር ተስማምተናል፣ ደብረ ብርሃን ገዢ አግኝቷል። ተስማምተናል ስል፣ እሱ ተናገረ፣ እኔ ዝም አልኩ።

ማክሰኞ

ሞኝ ነኝ! አያሌው ከደብረ ብርሃን ሲመለስ መንገድ ላይ ምሰሶ ወድቆ፣ ሽቦው መሬት ላይ ተዘርግቶ አይቷል። «የምን ፈረቃ ነው አንቺ? ምሰሶ ነው የወደቀው!» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ አሁን ይመጣል እያልኩ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። የማሽኑን በር ስከፍተው ሙቀቱ ሸሽቷል። ውኃ አፈላሁ፣ በየጠርሙሱ ሞላሁ፣ በጋቢ ጠቅልዬ ማሽኑ ውስጥ ደረደርኩ።

ጎረቤቴ እማማ ዘነቡ የታቀፈች ዶሮ አላቸው። «አምጪ፣ ምን ታፈጫለሽ?» አሉኝ። የራሷን እንቁላል ከሥሯ አውጥተው የቻለችውን ያህል የኔን አስገቡላት። ነጎድጓድ እንዳያበላሸው ብለው ጭዱ ውስጥ ሚስማር ሸጎጡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ዛሬ ሚስማሩን ፈልጌ ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

ረቡዕ

ውኃ እያፈላሁ «ፈረቃ» የሚለውን ቃል ሳስበው ዋልኩ። ድሮ እውነት ነበር፦ ዛሬ እነሱ፣ ነገ እኛ። እኛ ዘንድ ሲጠፋ ሌላው ጋ ይበራል፣ ተራችን ይደርሳል። ፈረቃው ካበቃ ቆየ፣ ቃሉ ግን ከአፋችን አልወጣም። «ጠፋ» ብል እጨነቃለሁ፣ እደውላለሁ፣ እጠይቃለሁ። «ፈረቃ ነው» ስል ግን አርፋለሁ። ጉድ የሠራኝ ይሄው ማረፍ ነው።

ሊጠግኑ የመጡት ሠራተኞች «ሰኞ ማን ነገረን?» አሉ። ማንም። ከተማው በሙሉ ፈረቃ መስሎት ተኝቷል።

አመሻሹ ላይ መጣ። ሰፈሩ «መጣ!» ብሎ ጮኸ።

ሐሙስ

እንቁላሎቹን በስልኬ ባትሪ አንድ በአንድ አየኋቸው። የሚንቀሳቀስ አለ፣ ዝም ያለ አለ። ዝም ያለው ይበዛል። አለቀስኩ። ለእንቁላል ይለቀሳል እንዴ? ይለቀሳል።

ዓርብ

የእማማ ዘነቡ ዶሮ ያቀፈቻቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ወጡ። ከማሽኑ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ይሄ ሆነ ይባላል፣ አልሆነም? እንጃ። አያሌውን አልጠየቅኩትም። ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑ ሥር ቁጢጥ ብሎ የሚወጡትን ያያል።

የአያሌው ስልክ ጮኸ። ገዢው ነው፤ ማሽኑ ሲሠራ ለማየት ዛሬ ልምጣ ይላል። አያሌው ጫጩቷን ከመዳፉ ሳያወርድ «ዛሬስ አትልፋ፣ ፈረቃ ነው» አለው።

አምፖሉ ከራሱ በላይ ቦግ ብሎ እየበራ!