የተሰረዘው ጨዋታህ

ውድ ልጄ፣

አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፍልህ። ካንተ በቀር የምጠይቀው ሰው የለም፤ አንተ ደግሞ ልብህ በድንገት ቀጥ ካለች ዘጠኝ ወር ሆነ።

የብሔራዊ ቡድኑ የሃምሳ ዓመት ታሪክ በመጽሐፍ ሊወጣ ነው። የተሰለፉት ሁሉ ስማቸው ይገባል ሲባል በሬዲዮ ሰምቼ ወደ ፌዴሬሽኑ ቢሮ ሄድኩ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰሩ አይሠራም። መዝገቡን የሚይዙት ድሮ ዳኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው እስከ ዛሬ "ፊሽካው" ይላቸዋል። ብዙ ወረቀት አገላበጡልኝ። አራት ጊዜ ለታላቁ ውድድር እንዳለፍን፣ ሦስቴ ከምድባችን ሳናልፍ እንደተመለስን፣ አንዴ ለግማሽ ፍጻሜ እንደደረስን፣ ሁሉም አለ። አንተ የለህም።

"ልጄ ተጫውቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ" አልኳቸው።

"ተጫውቷል፣ እህቴ። ግን ያ ጨዋታ የለም።"

እንዴት አይኖርም? ያሸነፈን ቡድን ከጥቂት ቀን በኋላ ውድድሩን አቋርጦ አገሩ ስለገባ፣ ያደረጋቸው ጨዋታዎች በሙሉ ተሰርዘዋል አሉኝ። አንተ ደግሞ ለአገርህ የተሰለፍከው በዚያ በአንዱ ብቻ ነው። ይህ ለእኔ አይገባኝም። እንግዳ ምሳ በልቶ ሳይሰናበት ቢሄድ፣ ምሳው አልተበላም ይባላል?

ሽማግሌው ሳያዝኑልኝ አልቀሩም፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ለተሰረዙ ጨዋታዎች አንድ ገጽ ልጨምር እችላለሁ። ስሙ ይገባል። ግን ካስገባሁ የሆነውን ሁሉ ነው የማስገባው፤ ጎሉንም ጭምር። አስቢበትና እስከ ዓርብ ንገሪኝ። ዓርብ ማተሚያ ቤት ይገባል።"

ጎሉን አንተም እኔም እናውቀዋለን። ልታወጣት የሞከርካት ኳስ ከእግርህ ተፈናጥራ የራሳችን መረብ ውስጥ ገባች። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን። ከዚያ ወዲህ ማንም ለብሔራዊ ቡድን አልጠራህም፤ ቧንቧ ሠራተኛ ሆነህ ኖርክ። ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ እንኳ "የእነሱ አጥቂ መጣ!" ይሉህ ነበር። አብረሃቸው ትስቃለህ። ቤት ስትገባ ግን ጫማህን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ትጋደማለህ። ምን ብዬ እንደማጽናናህ ሲጠፋኝ "ብላ" እልህ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ "ብላ" አልኩህ።

ለአባትህ ስነግረው ብድግ አለ።

"አንቺ ሴትዮ፣ እግዜር የሰረዘውን አንቺ ልታስጽፊ ነው? የሞተ ልጅ ታሰድቢያለሽ?"

"ታዲያ ጨርሶ አልተጫወተም ይባል?"

"ይባል! ምን ይጎድልበታል?"

ሳስበው እውነቱን ነው እላለሁ፤ ዕቃ ሳጥብ ደግሞ አይ፣ አይደለም እላለሁ። ጨዋታው የተሰረዘ ዕለት ትዝ ይልሃል? አባትህ "ተገላገልክ! እንዳልነበረ ሆነ!" እያለ ሲያቅፍህ አንተ አልሳቅክም። ወደ እኔ ዞረህ "እማዬ፣ ታዲያ ያን ቀን እኔ የት ነበርኩ?" አልከኝ። ያኔም "ብላ" ነው ያልኩህ። ደስ ብሎህ ይሁን ከፍቶህ አልጠየቅኩህም። አሁን ብጠይቅህ ማን ይመልስልኛል?

ትናንት ዓርብ ነበር። ደረጃውን እያረፍኩ ወጣሁ።

"ይጻፉት" አልኳቸው።

"ጎሉንም?"

"ጎሉንም። ስንተኛ ደቂቃ ላይ እንደሆነም ይፈልጉና ይጻፉ።"

"ሰባ አንደኛው" አሉ፤ ወረቀት አላዩም። በቃላቸው ነበር የያዙት።

ያሳዩኝ ቦታ ላይ ፈረምኩ። ስወርድ ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ እግሬ ቆመ። ተመልሼ አይጻፉት ልበላቸው? ልሂድ? ብዙ ቆሜ ኖሯል፣ ዘበኛው ወደ እኔ መጣ።

"እማማ፣ መንገዱ ጠፋብዎት እንዴ?"

"አዎ፣ ልጄ" አልኩት።

ይዞኝ ወረደ።

አባትህ እስካሁን አላናገረኝም። እኔም ደግ ሠርቼ ይሁን ክፉ አላውቅም። ካሳዘንኩህ በሕልሜ ናና ተቆጣኝ። እንዳሻህ ጩኽብኝ፣ ቃል አልመልስልህም። ብቻ ና።

ቁጣህን የምትጠብቅ
እናትህ