የሐሊማ ድምፅ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እማማ ዘይነባ ዛሬም ጊንጆ ሰፈር ያለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ መጡ። ባለፈው ወር ያረፈችውን የልጃቸውን የሐሊማን ላፕቶፕ እኔ ጋ ትተው ነበር። ራም ሚሞሪው፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ ከፊሉ ተበላሽቷል፤ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ አይቀየርም። ሲስተሙ የተበላሸውን ክፍል ዘልሎ በደህናው ብቻ እንዲሠራ አደረግኩት። ላፕቶፑ ተነሣ።

"አልሐምዱሊላህ! ድምፅዋስ?" አሉኝ።

ሐሊማ የቀዳችውን ድምፅ ከፈትኩ። "ኡሚዬ" ብላ እናቷን ጠራች፤ ከዚያ በኋላ ሽሽሽ የሚል የማሽን ጩኸት ብቻ ነው።

"ይህንንም አስተካክልልኝ፣ ልጄ።"

"እማማ፣ ይሄ ገና ስትቀዳው ነው የተበላሸው። አይመለስም።"

"እስኪ ድገምልኝ" አሉ። ደጋግሜ አሰማኋቸው። በመጨረሻ ያቺን አንዲት ቃል ቆርጬ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ፣ ሳይሰናበቱኝ ወጡ።