ጌድዮንን ስለቀየሩልን፤ ከመጋላ ለቀለበት ቴሌቪዥን የተላከ ምስጋና

ለተከበሩ የቀለበት ቴሌቪዥን የድራማ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኛ ድሬዳዋዎች ሙቀቱ ቢፈትነንም ደህና ነን። እርስዎም ከነቤተሰብዎ፣ ከነደራሲዎ፣ ከነዳይሬክተርዎ ሙሉ ጤና እንዲሰጥዎ እመኛለሁ፤ በተለይም «የከዚራ ጥላ» ለተባለው ተከታታይ ድራማዎ ተዋንያን ለሚመርጡት ሰው የዓይን ጤና እንዲሰጥልኝ አጥብቄ እለምናለሁ።

ስሜ ዘነበች ሰይፈ ሚካኤል ይባላል። የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ከዚራ፣ ትዳር ይዤ የምኖረው መጋላ ነው። በከተማችን ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ማለት የፍቅር እንጂ የንቀት አይደለም። ሆኖም እርስዎ ትልቅ ሰው ስለሆኑ ይህን ደብዳቤ እስክጨርስ ድረስ «እርስዎ» ለማለት ከራሴ ጋር ተስማምቻለሁ። ድራማዎን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ ሐሙስ ሐሙስ ሳላቋርጥ የተከታተልኩ ስለሆንኩ፣ የተመልካችነት ምስጋናዬን ከጥቂት ቅሬታዎች ጋር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አልባሳት። የ«ከዚራ ጥላ» ታሪክ የሚፈጸመው ድሬዳዋ መሆኑን የምናውቀው በየክፍሉ መጀመሪያ «ድሬዳዋ» ተብሎ ስለሚጻፍ ነው፤ ስለ ጽሑፉ ከልብ እናመሰግናለን፣ ባይኖር ኖሮ ደብረ ብርሃን ይመስለን ነበር። እኛ ወለሉ ላይ ውሃ ረጭተን፣ ሽርጥ ታጥቀን፣ ማራገቢያ ፊት ተደርድረን ስንመለከት፣ በእርስዎ ድሬዳዋ ውስጥ ጎረምሳው ካፖርት ለብሶ፣ ፖሊሱ አንገቱን በሹራብ ጠቅልሎ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ከሰል ከቦ እጁን ያሞቃል። ከዚራ ላይ ጉም ሲወርድም አሳይተውናል። ጎረቤቴ ደሄቦ አንጀቷ አልችል ብሎ፣ «ወሪያ! ይሄን ልጅ እኮ ወባ ይዞታል፤ ሐኪም ቤት የሚወስደው ሰው የለም?» እያለች ሙሉውን ክፍል ስትጨነቅ አምሽታለች።

ሁለተኛ፣ የዋናውን ገጸ ባሕርይ የጌድዮንን እናት ሆና የምትጫወተው ወጣት ከልጇ በዕድሜ ታንሳለች። ፀጉሯ ላይ የተነሰነሰው ዱቄት ሽበት መሆኑ ገብቶናል፤ ነገር ግን ስታለቅስ ትከሻዋ ላይ ይዘንባልና፣ ሐዘኗን ትተን ልብሷን ማራገፍ ያምረናል።

ሦስተኛ፣ ምንታምር የምትባለው የጌድዮን ሚስት ካረገዘች በኋላ በሰፈራችን ስንትና ስንት ልጅ ተረግዞ፣ ተወልዶ፣ ጥርስ አብቅሏል። እሷ ግን እስከ ዛሬ በመስኮት እያየች ሆዷን ትዳስሳለች። ሕፃኑ ሲወለድ በቀጥታ አንደኛ ክፍል እንደሚገባ ተስፋ እናደርጋለን፤ የሚያስቸኩለን ነገር የለም።

አራተኛው ግን ረዥም ነው፤ ከተቻለዎ ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

የደሄቦ ልጅ ጉሌድ ቀፊራ ገበያ ተራ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ሰው አክባሪ፣ የአሮጊት ዘንቢል ተሸክሞ እደጅ የሚያደርስ ልጅ ነው። ፈጣሪ በራሱ ምክንያት፣ ጌድዮንን ሆኖ ለሚጫወተው ተዋናይ የሰጠውን ፊት ለጉሌድም ሰጥቶታል፤ ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ አገጩ ላይ ያለችው ስርጉድ ሳትቀር አንድ ናቸው። መጀመሪያ ጌድዮን ደግ ሰው ስለነበረ ነገሩ ለጉሌድ በረከት ሆኖለት ነበር። ልጃገረዶች ፎቶ አብረውት ይነሱ ነበር፤ ገበያተኛው ሌሎቹን ባጃጆች ትቶ ወደሱ ይመጣ ነበር።

ከዚያ ደራሲዎ ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ በአንድ ሐሙስ ጌድዮን የእናቱን ቤት ሸጠ፤ ዓይነ ስውር ወንድሙንም ከደረጃ ላይ ገፈተረ። በማግስቱ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ጉሌድ ባጃጅ ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ በመስታወቱ ፊቱን አይታ፣ «እናትህን የት ጣልካት?» ብላ ጮኸች። «እናቴማ ቤት ናት» ቢላት፣ «የትኛው ቤት? የሸጥከው?» ብላ በጃንጥላዋ ትከሻውን መታችው፤ ወርዳም በእግሯ ሄደች። እንግዲህ አሥር ጊዜ «እኔ ጉሌድ ነኝ» ቢል የሚሰማው ጠፋ። አንድ ሽማግሌ መስጊድ በር ላይ አስቁመው ስለ ወላጅ ሐቅ መከሩት። ጨዋ ልጅ ነውና ራሱን ዝቅ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጣቸው፤ ይሄው ጨዋነቱ ደግሞ ጥፋተኛ አስመሰለው።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ጉሌድ ግን ሃምዳ ከምትባል ልጅ ጋር ከተዋደደ ቆይቷል። ሃምዳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ረጋ ያለች፣ ስትናገር ግን ቃሏ የሚቆርጥ ልጅ ናት። እናቷ ዚነት ደግሞ፣ ደስ ይበልዎ፣ በመላው መጋላ ከርስዎ ድራማ ተመልካቾች ሁሉ የመጀመሪያዋ ናት። ሰፊው ቴሌቪዥን ያለው እሷ ቤት ስለሆነ ሐሙስ ሐሙስ የምንሰበሰበው እዚያ ነው። ሽማግሌ የሚላከው ዓርብ ነበር። ሐሙስ ዕለት ጌድዮን ሐዋሳ ውስጥ በስውር ያገባት ሌላ ሚስት እንዳለችው ታወቀ። ይህን ነገር ወደሚቀጥለው ሳምንት ቢያስተላልፉት ኖሮ ምን ነበረበት?

ዓርብ ሄድን። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሱሌማን ነበሩ፤ እኔ ከደሄቦ ጋር ከሴቶቹ ዘንድ ተቀመጥኩ። ሱሌማን በወጉ መርቀው፣ በወጉ ጠየቁ። ዚነት፣ «ልጁን አልጠላሁትም» አለች። «ግን ያ ፊት ሲዋሽ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። አሁን እንዴት አምነዋለሁ?»

በር ላይ ሆኖ ሲጠብቅ የነበረው ጉሌድ ደንግጦ፣ «እማ ዚነት፣ እኔ ሐዋሳን በዓይኔ አይቼ አላውቅም!» አለ።

«ጌድዮንም እንዲሁ ነበር ያለው» አለ ዒልሚ። ዒልሚ የዚነት ወንድም ነው፤ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ቤተሰቡ ውስጥ ሳይጠየቅ የሚፈርድ እሱ ነው። «ሰው እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ አይመሳሰልም። መልክ የሚሰጠው ለምክንያት ነው።»

ሱሌማን ሳቅ ይሁን ሳል ያልታወቀ ድምፅ አሰምተው ተነሡ። ሃምዳ ከጓዳ ወጥታ በሁላችን ፊት፣ «እማ፣ ጌድዮንን እንደማላገባ ቃል እገባልሻለሁ። አሁን ጉሌድን ፍቀጂልኝ» ብትል፣ ዚነት «ይሄንንም ምንታምር ብላው ነበር» ብላ ወደ ጓዳ መለሰቻት።

አይሳቁ። እኛም መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ ግን ሃምዳ ከሥራ ስትመለስ በቀፊራ በኩል ማለፍ ተወች፤ ዞራ፣ በፀሐይ፣ በእግሯ መሄድ ጀመረች። ጉሌድም ባጃጁን አቁሞ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲውል አየሁት። ደሄቦም የለመደችውን የአጥር ላይ ቀልድ አቆመች። ያኔ ነው ስልክ ያነሳሁት።

የጣቢያዎ ስልክ ለረጅም ጊዜ የድራማውን ሙዚቃ ካሰማኝ በኋላ አንዲት ጨዋ ልጅ አነሳች። ጉዳዬ ስለ ጌድዮን መሆኑን ስነግራት፣ «ውይ እማማ፣ እርስዎም ወደዱት?» አለችኝ። «አልወደድኩትም፤ ትንሽ እንዲሻሻል ነው የምፈልገው» አልኳት። «አስተያየትዎ ውድ ነው፤ አስተላልፋለሁ» አለች። ማስተላለፏን አልጠራጠርም፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ሐሙስ ጌድዮን የሕፃናት ማሳደጊያ አቃጠለ፤ እየሳቀ። ይሻሻል ያልኩት በክፋቱ መስሏችሁ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ አማርኛ ነው። አንተ ሰው ግን... ይቅርታ፣ እርስዎ ግን ሕፃናቱ ምን አደረጉዎ?

ጉሌድም የአቅሙን ሞከረ። ጺም አሳደገ፤ ጺሙ ሞልቶ ሲያምርበት ጌድዮን ከፖሊስ ለመሸሽ ጺም አሳድጎ ብቅ አለ። ጉሌድ ጺሙንም ፀጉሩንም ሙልጭ አድርጎ ተላጨ፤ ጌድዮን ታሰረና ወህኒ ቤት ራሱን ተላጨ። ልጁ ተስፋ ቆርጦ እኔ ዘንድ መጣና፣ «ዘነበች፣ እነዚህ ሰዎች በመስኮት ያዩኛል መሰለኝ» አለኝ። ምን ልበለው? እኔም መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ምስጋናዬ የሚጀምረው።

ባለፈው ወር በአንዱ ሐሙስ እንደ ወትሮው ዚነት ቤት ተሰብስበናል። ዒልሚ ከነሚስቱ መጥቶ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ሻዩን ይጠጣል። ድራማው ተጀመረ፤ የወህኒው በር ተከፈተ፤ ጌድዮን ተፈትቶ ወጣ። የወጣው ግን ሌላ ሰው ነበር። ያ ቀጭን ልጅ ቀርቶ ግንባሩ የሰፋ፣ ሪዙ የተንጨባረረ፣ ቦርጫም፣ ፍንጭት ጥርስ ያለው ጎልማሳ «እኔ ጌድዮን ነኝ» ብሎ መጣ። እናቱም አቅፋ ሳመችው፤ ምንታምርም «ከስተሃል» አለችው። የቀድሞው ተዋናይ ወዴት እንደሄደ፣ ይህኛው ከየት እንደመጣ የነገረን የለም። ከስተሃል!

ቤቱ ውስጥ ግን ማንም ስለ መክሳት አላሰበም። ሁላችንም ቀስ ብለን አንገታችንን ወደ ፍራሹ አዞርን። ዒልሚ ነው። እኔ ስላልኩ አይደለም፤ ግንባሩ፣ ሪዙ፣ ቦርጩ፣ ጥርሱ፣ ቁርጥ ዒልሚ። ሻዩ ከንፈሩ ላይ ቀርቶ ነበር።

መጀመሪያ የተናገረችው ሚስቱ ናት። «ዒልሚ» አለች በቀስታ፣ «ባለፈው ሐዋሳ የሄድከው ለጨርቅ ነው አላልክም?»

«ወላሂ ለጨርቅ ነው!» ብሎ ዒልሚ ዘሎ ተነሣ።

በዚያችው ቅጽበት ጌድዮን በቴሌቪዥኑ ውስጥ እጁን ዘርግቶ፣ «እምልልሻለሁ፣ ለሥራ ነው የሄድኩት!» አለ።

ዚነት አንዴ ቴሌቪዥኑን፣ አንዴ ወንድሟን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ ሻርፗ ከራሷ እስኪወርድ፣ ዓይኗ እስኪያነባ፣ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ዒልሚ «ሰው ከሰው መመሳሰሉ ምን አዲስ ነገር አለው? ይሄ እኮ ተራ አጋጣሚ ነው!» እያለ ሲጮህ የበለጠ ሳቀች። በማግስቱ በጠዋት ራሷ ደሄቦ ቤት መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ «ልጅሽን አሳዝኜዋለሁ» አለች፤ ሌላ ነገር ለመጨመር ብትሞክር ደሄቦ አስቀድማ አቀፈቻት። ጉሌድ ወጥቶ ሲያያት ወደ ኋላ ሊመለስ ፈለገ፤ «ና ልጄ፣ ፊትህን አሳየኝ» አለችው። የኒካው ቀን የተቆረጠው ያን ዕለት ነው።

ዒልሚም ሐዋሳ ስለ መሄዱ የጨርቁን ጥቅል ለሚስቱ አሳይቶ ከቤቱ ክስ ነፃ ወጥቷል፤ ከገበያ ግን ገና ነው። ቀፊራ ሲሄድ ሴቶቹ «የልጆቹን ቤት ለምን አቃጠልክ?» ይሉታል፤ ባጃጆች ሲያዩት ያልፉታል። አስቁሞ የሚጭነው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጉሌድ። ትናንት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሄዱ አየኋቸው፤ ዒልሚ አንገቱን ደፍቶ፣ ጉሌድ እያጽናናው።

ስለዚህ የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ብልሃተኛ ሽማግሌ የተሸነፈበትን ጉዳይ ያለ ምንም ማስተዋል ስለፈቱልን፣ አንድን ሰው በሌላ ሰው ያለ በቂ ምክንያት፣ ያለ ማብራሪያ፣ ያለ ሐፍረት ስለለወጡልን፣ የመጋላ ሕዝብ ባለዕዳዎ ነው። ደራሲዎ ቢያስቡበት ኖሮ ይህ ሁሉ መልካም ነገር ባልተፈጠረ ነበር። ከኒካው በፊት ግን አንድ ትሑት ልመና አለኝ፤ ጌድዮንን ዳግመኛ አይቀይሩብን። ግድ ከሆነብዎም የሚመርጡትን ሰው ፎቶ አስቀድመው ይላኩልን፤ ሰፈር ለሰፈር ዞረን፣ የሚመስለውን ሰው ፈልገን፣ እንዲዘጋጅ እንነግረዋለን።

ለሥራዎ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት፣ ለትዕግሥትዎ ያለኝን ምስጋና፣ ለተመልካቹ ትዕግሥት ደግሞ ያለኝን የበለጠ ምስጋና እየገለጽኩ፣ እጅ ነስቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ወገቤን ይዤ ቀና እያልኩ እሰናበታለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
ዘነበች ሰይፈ ሚካኤል
ከመጋላ፣ ድሬዳዋ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ ድራማዎ ገና እንደጀመረ መብራት ጠፋ። ድሮ ቢሆን ሰፈሩ በእሪታ ይቀልጥ ነበር። ዚነት ግን «ቆዩ፣ ቀሪውን እኔ ልንገራችሁ» ብላ በጨለማው ውስጥ ታሪኩን ከራሷ ፈጥራ ትተርክልን ጀመር፤ ትንፋሻችንን ውጠን ሰማን፣ ሱሌማን ሳይቀሩ አለቀሱ። መብራቱ መሐል ላይ መጣ። የሁላችንም ጩኸት አንድ ነበር፦ «አጥፉት!»