አሰልጣኙን ደግፎ ቤቱ ስላደረሰው ሰልጣኝ

ለተከበሩ የሱስ ማገገሚያ ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ጉበትዎ ደህና ነው? በቢሮዎ መስኮትና በእንግዳ ክፍልዎ በር ላይ የተሰቀሉትን ግራጫ መጋረጃዎች የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ካላስታወሱኝም አይጨነቁ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው ስንቱን ያስታውሳል! ዛሬ የምጽፍልዎ ግን እንደ መጋረጃ ሰፊ ሳይሆን እንደ እህት ነው። አናጢውን ታናሽ ወንድሜን ከመጠጥ ያላቅቁልኛል ብዬ አደራ ሰጥቼዎት ነበርና፣ አደራዬን እንዴት እንደጠበቁልኝ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወድጃለሁ። በሰው ፊት የተደረገልንን ውለታ በጓዳ ማመስገን ነውር መስሎ ታየኝ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። ወንድሜ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ መጠጥ ጣለው። መጋዝ የሚይዝ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እንጨት ቤቱ አሰናበተው፣ ትንሿ ልጁም እኔ ጋ ማደር ጀመረች። ማዕከልዎ ገባ፣ ጸድቶ ወጣ፤ ለዚህስ ያለ ቀልድ አመሰግናለሁ። ከወጣ በኋላ ደግሞ በደንባችሁ መሠረት አብሮት የሚውል፣ ሲከፋው የሚደርስለት፣ እናንተ አሰልጣኝ የምትሉት ሰው ያስፈልገው ነበር። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ከዚያ ሰው ጋር ጸንቶ ከቆየ ልጅቷ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች ተባባልን። እሷም ሻንጣዋን አዘጋጅታ ከቤቴ በር ጀርባ አቆመች፤ በየጠዋቱ እየሄደች ትነካዋለች። እንግዲህ የምስጋናዬን ዝርዝር በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫው። ምርጫው የቤተሰቡ ነው ብለው በትህትና ስለ ነገሩን እኛም የዋሆቹ አምነን መረጥን። የመረጥነው ሰፈሩ ጋኑ እያለ የሚጠራውን ሰው ነበር። ስሙ የወጣለት ከወንድሜ ጋር እኩል ይጠጣ በነበረበት ዘመን ነው፤ መጠጡን ከተወ ዓመታት አልፈዋል፣ ጋኑ ባዶ ሆኖ ስሙ ብቻ ቀረ። ወንድሜ ጠርሙስ የት እንደሚደብቅ፣ ሊጠጣ ሲያስብ መጀመሪያ የትኛውን ውሸት እንደሚዋሽ ያውቃል። እርስዎ ግን ከጫማው እስከ ፀጉሩ ተመልክተውት ሰካራም ሰካራምን አይመራም አሉና፣ በምትኩ የባለቤትዎን ወንድም ሰጡን። ሱፍ የለበሱ፣ ጥርሳቸው የሚያምር፣ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰው ናቸው ተባልን። እኛ ምን እናውቃለን? እሺ ብለን ተቀበልን። አደራ ለጅብ የሚባለውን ተረት ሰምተን ነበር፤ ጅቡ ሱፍ ይለብሳል ያለን ግን አልነበረም።

ሁለተኛ፤ ስለ ሥልጠናው ዘዴ። አሰልጣኛችን ፈተና ያላየ ጽናት ጽናት አይባልም ብለው ወንድሜን መጠጥ ቤት ይዘውት ሄዱ። እሱ ለስላሳውን ይዞ እንዲቀመጥ፣ እሳቸው ደግሞ የመጠጥን አስቀያሚነት በተግባር እንዲያሳዩት ነበር ዓላማው። አሳዩታ! እግዜር ይስጣቸው፣ ሳይሰለቹ አሳዩት። በመጀመሪያው ትምህርት ጮሁ፣ በሚቀጥለው ዘፈኑ፣ ከዚያ በኋላማ ገና ጀምበር ሳትጠልቅ በእግራቸው መቆም የሚባለውን ነገር ጭራሽ ተዉት። ወንድሜ በአንድ እጁ ኮታቸውንና አንድ እግር ጫማቸውን፣ በሌላው ብብታቸውን ይዞ በደጄ ሲያሳልፋቸው አይቻለሁ፤ ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ከጎኔ ቆማ ስትመለከት የነበረችው ልጁ ከሁለቱ የታመመው የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝ። እጇን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባኋት።

ሦስተኛ፤ ስለ መልካም መስተንግዶዎ። ይህንን ላሳውቅዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። የሰፋሁትን መጋረጃ በጣትዎ እያስተካከሉ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ ትናንት ይደገፍ የነበረ ሰው ዛሬ ሌላውን መደገፉ የዘዴያችሁ ስኬት ማስረጃ መሆኑን አስረዱኝ። በዚህም አላበቁ፤ ፎቶ አንሺዎን ልከው ሁለቱን ከመጠጥ ቤቱ ሲወጡ አስነሷቸውና ፖስተር አደረጉት። ተንጠልጥለው የሚሄዱት አሰልጣኙ፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ወንድሜ ሆኖ ሳለ፣ ከሥሩ ያስጻፉት ግን አሰልጣኛችን ሰልጣኙን ደግፎ ሲያወጣ የሚል ነው። ጉድ በል አገር! መንገደኛው ሁሉ ፖስተሩን እያየ ያ ቀጥ ያለው አሰልጣኝ አንጀቱ የሚራራ ሰው ነው እያለ ወንድሜን ሲያደንቅ ሰነበተ። ሳያውቁት ለአንድ ጊዜ እውነት አስነገሩልን።

አራተኛ፤ ስለ ግብዣዎ። ወንድሜ ያን ሁሉ መጠጥ ቤት አልፎ፣ ያን ሁሉ ብርጭቆ ፊት ለፊቱ ሲጨለጥ እያየ፣ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም ነበር። ማዕከልዎ ለረዱት ሰዎች ባሰናዳው የምስጋና በዓል ዕለት በአዳራሹ ውሃና ለስላሳ ቀርቦ፣ እውነተኛው ግብዣ ደግሞ ከእንግዳ ክፍሉ መጋረጃ ጀርባ ተሰናድቶ ኖሯል። ያ መጋረጃ የእጄ ሥራ ነው፤ ወፍራም ይሁን ሲሉኝ ለፀሐይ መስሎኝ ነበር። ወንድሜን በእንግዶችዎ ፊት ሊያሳዩት ወደዚያ ጠሩት፣ ትከሻውን አቀፉት፣ ከዚያም ዛሬስ ነፃ ሰው ነህ፣ ለክብር እንግዶቻችን አንድ ጉንጭ ብለው ብርጭቆውን በእጅዎ አስያዙት። ጠርሙስን እንቢ ማለት ተምሮ ነበር፤ እርስዎን እንቢ ማለት ግን ማን አስተማረው? ሰው ሲያከብር ያደገ ነውና ጠጣ። በዚያች ጉንጭ ሄደ፤ ለቀናት ያለበት ጠፋን።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ሻንጣዋን ከበሩ ጀርባ አንስታ ልብሶቿን አንድ በአንድ አውጥታ መደርደሪያው ላይ መለሰቻቸው። ክቡርነትዎ፣ እርስዎን የጠላሁዎት ያን ጊዜ ነው። ሰው እንዲህ መጥላት የምችል አይመስለኝም ነበር፤ ለካ እችላለሁ። እርስዎ ደግሞ በማግስቱ የመውደቁ ምክንያት የቤተሰቡ ድጋፍ መላላት ነው ብለው ደብዳቤ ላኩብን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

ፈልጎ ያገኘው ማን መሰለዎት? ጋኑ ነው። አልሰበከውም፣ አልተቆጣውም፤ ቤቱ አምጥቶ አጠበው፣ ከዚያም ደጃፉ ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወንድሜ ልውጣ ሲል አብሮት ይነሳል፣ ሊዋሽ አፉን ሲከፍት ውሸቱን ቀድሞ ይነግረዋል። እንጨት ቤቱ እንዲመልሰው የለመነው እሱ፣ ምሳ ሰዓት መላጊያው አጠገብ ተቀምጦ አብሮት የሚበላውም እሱ ነው። ያለ ፖስተር፣ ያለ ሱፍ ወንድሜ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ባለፈው እሁድ ልጅቷ ወደ አባቷ ቤት ገባች፤ ሻንጣዋን ልያዝልሽ ብላት እንቢ ብላ ራሷ ተሸከመችው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ በመጀመሪያው ቀን የጋኑን ስም በነገርንዎት ጊዜ እሺ ብለውን ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ስለማይደርስብን፣ ስላስተማሩን ሁሉ እጅግ አመሰግናለሁ። ይህ ደብዳቤ ያ ፖስተር በተለጠፈበት ግድግዳ ሁሉ፣ ከፖስተሩ ጎን ተለጥፏል፤ የተደገፈውና የደገፈው የትኛው እንደሆነም በቀስት አመልክቻለሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል ብል አልዋሸሁም።

ጤናና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ ብርጭቆዎ በሚነሳበት ሁሉ እንዲያስታውሱኝ እየለመንኩ፣ እግዜር የእጅዎን ይስጥዎ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የአናጢው እህት፣ የመጋረጃዎ ሰፊ

ማስታወሻ፦ አሰልጣኝዎ ሰሞኑን ከሥራ ስለጠፉ እንዳይጨነቁ። ባለቤትዎ ራሳቸው ወንድማቸውን ይዘው መጥተው የጋኑን በር አንኳኩተዋል፤ እሱም እንቢ አላለም። ምሽት ምሽት አሰልጣኙን ቤታቸው የሚያደርሳቸው ወንድሜ ነው፣ መንገዱን ያውቀዋልና፤ አሁን ግን በሁለት እግራቸው ይሄዳሉ። አሰልጣኙ ራሳቸው ይጻፍ፣ መደበቅ ሰልችቶኛል ብለዋል፤ ባለቤትዎ ግን ይህን ለእርስዎ እንዳልናገር አስምለውኛል። እኔም መሐላዬን አክብሬ ለእርስዎ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ የተናገርኩት ለሰፈሩ ሁሉ ነው።